ከባድ ሽቶ

እንዳሻው ከሽንኩርት ጆንያዎች ጀርባ ቆሞ ሚስቱ መንገዱን እስክትሻገር ጠበቀ። ቅዳሜ ስለነበር የጭሮ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን እያስጮኸ ባጃጆቹን ወደ ዳር ይገፋል፤ ከበደሳ በኩል የመጡ ነጋዴዎች የቡና ከረጢት ያወርዳሉ። ሳህሊቱ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ፣ ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ብትዞር ኖሮ ባሏን፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ እንደ ኪስ አውላቂ ከሰው ጀርባ ሲሸጎጥ ታየው ነበር።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» ብላው ነበር ከቤት የወጣችው። ለቅሶው ያለበት ሰፈር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፤ እሷ የወረደችው ወደ ገበያ። እንዳሻው ልብስ ከሚሰፋበት በረንዳ ላይ ሆኖ ስታልፍ ሲያያት የጀመረውን ሱሪ መርፌው እንደተተከለበት ጥሎ ተነሳ።

ሳህሊቱ የልብስ ተራውን አልፋ ዙህራ ሽቶ ቤት ገባች። ብዙም አልቆየች። ስትወጣ ቀኝ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነበር፤ በመጣችበት መንገድ ሳይሆን በጓሮው በኩል ወደ ቤት አቀናች።

እንዳሻው ሰው አገኛለሁ ብሎ ነበር የተከተላት። አንድ ወንድ፣ ወይም ጥግ ይዞ የሚጠብቅ መኪና። ያገኘው ሽቶ ቤት ነው። ይህ ግን አላረጋጋውም፤ እንዲያውም የፈራውን ነገር በዓይኑ ያየው መሰለው።

በዚያ በረንዳ ላይ ሲሰፋ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ኮት ያጠብባል፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ልብስ ደግሞ የባለቤቱን ጠረን ይዞ ነው የሚመጣው። የሹፌሩ ጃኬት ናፍጣና ሲጋራ ይሸታል፤ የመምህሩ ኮት ጠመኔ፤ የጫት ነጋዴው ሸሚዝ እርጥብ ቅጠል። እንዳሻው ከጊዜ ብዛት አፍንጫውን እንደ መርፌው ማመን ጀመረ። በተለይ ሽቶ ላይ ጨዋታ ይወዳል። አንዱን ሸሚዝ ወደ ፊቱ ጠጋ አድርጎ፣ «ይሄ ሰውዬ ቀብራራ ነው፤ ያላጠበውን በሽቶ ነው የሚያሳልፈው» ይላል። ሌላውን ያነሳና፣ «ይሄኛው ሰው ፊት መቅረብ የሚፈራ ነው። ሽቶውን ከኮሌታው ሥር ነው የሚያደርገው፣ ለራሱ ብቻ» ይላል። በረንዳውን ከሱ ጋር የተከራየው የሴት ልብስ ሰፊው አብዱናስር ይስቃል፤ ደንበኞችም ይስቃሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ይደነቁለታል።

«ሰው ሽቶውን ይመስላል» ይል ነበር እንዳሻው። «ቀለል ያለ ሰው ቀለል ያለ ሽቶ ነው የሚቀባው። በድንገት ሽቶውን የቀየረ ሰው ካየህ ልቡን ቀይሯል ማለት ነው።»

ይህን ሲል በሆዱ የሚያስባት ሳህሊቱን ነበር። ሳህሊቱ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሕፃናቱ ጉልበቷ ላይ ተሻምተው የሚቀመጡባት ሴት ናት። ከሙሽርነቷ ጀምሮ የምትቀባት ሽቶ የሎሚ አበባ ትመስላለች፤ ደብዛዛ ናት፤ አቅፎ የሳማት ሰው ካልሆነ በቀር አያገኛትም። እንዳሻው ያቺን ሽታ ሲያገኛት ቤቱ እንደገባ ያውቃል።

ከፋሲካ ወዲህ ያቺ ሽታ ጠፋች። በሷ ፋንታ ዑድ መጣ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሳህሊቱ ከመግባቷ በፊት በሩን አልፎ የሚገባ ሽቶ። ትራሱን ያዘው፣ መጋረጃውን ያዘው፣ የሱን ሸሚዝ ሳይቀር ያዘው። ቀጥሎ ሳህሊቱ «ማንኮራፋትህ እንቅልፍ ነሳኝ» ብላ ልጃቸው ኤደን ስትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገባች። ኤደን ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነች ክፍሉ ባዶ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ በደሳ ላለች ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና እሄዳለሁ ብላ የወጣች ዕለት አንድ ሹፌር ደንበኛው፣ «ባለቤትህን አሰቦት መገንጠያው ላይ አወረድኳት» አለው። አሰቦትና በደሳ አቅጣጫቸው እንኳ አይገናኝም።

እንዳሻው ይህን ሁሉ ዋጠው። ያልዋጠው አብዱናስር የተናገረውን ነው። ባለፈው ሳህሊቱ ምሳ አምጥታለት ስትመለስ አብዱናስር በአፍንጫው አየር ስቦ፣ «አቦ እንዳሻው፣ ሽቶውን የቀየረ ልቡን ቀይሯል ያልከው አንተ አልነበርክ?» አለው። ሊያስቀው ብሎ ነው። እንዳሻው ግን ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ስለ ሽቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ወደ ዙህራ ሱቅ ገባ። ዙህራ ባሏ ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን የያዘች አሮጊት ናት። ጠርሙሶቿን በጨርቅ እየወለወለች ነበር።

«አዴ ዙህራ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሃምዱሊላህ። ሚስትህ አሁን ወጣች፤ አልተገናኛችሁም?»

«ምን ገዛች?»

ዙህራ ጨርቁን አስቀመጠች። «ያንኑ ዑድ ነው። ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ያንኑ? ደጋግማ ትመጣለች ማለት ነው?»

«ልጄ፣ አንተ ልብስ ሰፊ ነህ። የአንዱን ገላ ለሌላው ታወራለህ?»

«እኔ ባሏ ነኝ፣ አዴ።»

«ባሏ ከሆንክ እሷን ጠይቃት።»

እንዳሻው መውጣት አልቻለም። ባንኮኒውን ይዞ ቆመ። ዙህራ ትንሽ አየችውና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ለወንድ ብላ ሽቶ የምትገዛ ሴት ስትመጣ አውቃታለሁ። እጇ ላይ ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ መስታወት ታያለች፣ ‹ያምራል?› ትለኛለች። ሳህሊቱ ያምራል ወይ ብላኝ አታውቅም፣ ወላሂ። ‹እስከ ማታ ይቆያል?› ነው የምትለኝ። ‹ከዚህ የሚከብድ አለሽ?› ነው የምትለኝ። ፊቷ ላይ ደስታ የለም። እጇን ስጨብጣት ደግሞ ይፋጃል። እኔ እንጃ፣ እንዳሻው። ጠይቃት፤ ግን ስትጠይቃት ቀስ ብለህ ጠይቃት።»

ዙህራ ይህን ሁሉ ብላው ሳለ፣ እንዳሻው ይዞ የወጣው «እስከ ማታ ይቆያል?» የሚለውን ብቻ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያንን እያመነዠከ ሄደ። ማታ የት ልትሆን ነው? ማታ ማን አለ?

ቤት ሲደርስ ሳህሊቱን ምስር በሰፌድ ይዛ እየለቀመች አገኛት። ዑዱ እስከ አጥሩ በር ድረስ ይሸታል።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አላት።

«ደህና ነበር።»

«ማን ነው የሞተው?»

«የአንዷ መምህርት አጎት ነው ብዬህ አልነበር?»

«ሰውየው ሽቶ ቤት ውስጥ ነው የሞተው?»

ሳህሊቱ ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «ተከትለኸኝ ነበር?»

«ተከተልኩሽ። ሚስቴን እንደ ሌባ ሰው ለሰው እየተሹለከለኩ ተከተልኩ። እዚህ አድርሰሽኛል።»

«ሽቶ መግዛት ነውር ሆነ?»

«ለማን እንደሚቀባ ካልታወቀ ነውር ነው። ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአልጋዬ ከወጣሽ ከርመሻል።» ድምፁ ከፍ እያለ መጣ። «አሰቦት ምን ስትሠሪ ነበር? ክርስትና ብለሽኝ?»

«ጠበል ነው የሄድኩት።»

«ጠበል እየተደበቁ ነው የሚሄዱት?»

ሳህሊቱ ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ጉንጯ ገብቷል። እንዳሻው ይህን አየ፤ ያየውን ግን በፈለገው መንገድ ተረጎመው።

«ወንድ ቢሆን ይሻልህ ነበር፣ እንዳሻው» አለችው።

ከዚህ በላይ አልጠበቀም። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ቦርሳዋን ከፈተ፤ ብልቃጧን አወጣና ወደ ግቢው ወጣ። ሳህሊቱ ተነስታ በሩ ጋ ደረሰች፤ አልያዘችውም።

«አታፍስሰው» አለች በቀስታ።

ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ ዘቅዝቆ አፈሰሰው። ዘይቱ ጭቃው ላይ ተንጠባጠበ፤ ግቢው በአንድ ጊዜ ታፈነ። ዞር ሲል ሳህሊቱ በሩ ላይ አልነበረችም። የኤደን ክፍል በር ሲዘጋ ሰማ።

ወዲያው ዝናብ መጣ። የክረምት የጭሮ ዝናብ ከተራራው ላይ ተንደርድሮ ነው የሚወርደው። እንዳሻው ከቆርቆሮው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጎርፉ ጭቃውንና ሽቶውን ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ሲወጣ አየ። ንዴቱ በረደለት። በረንዳው ላይ ጥሎት የመጣውን ሱሪ አሰበ፤ ለኤደን ልደውልላት ወይስ ልተወው ብሎ አሰበ። ምን ብሎ እንደሚነግራት አላወቀም። ዝናቡ ሲያባራ አየሩ ጥርት አለ፤ ከሽቶው የቀረ ነገር አልነበረም።

ብርሃን ገና ሳይጠፋ ተነስቶ የኤደንን ክፍል በር ገፋው። ይቅርታ ሊጠይቃት ይሁን ጠቡን ሊቀጥል ለራሱም አልተለየለትም። ሳህሊቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። መስኮቱ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ሸተተው። ከቁም ሳጥኑ በኩል መስሎት ጎንበስ አለ።

«እዚህ ቤት አይጥ ሞቷል እንዴ?» አለ።

የሳህሊቱ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ አየ። እንዳሻው እንደተጎነበሰ ቀረ። ከዚያ ቀና አለ፤ ሁለት እርምጃ ወደ አልጋው ሄደ፤ የሚሸተው ከየት እንደሆነ ገባው። ዙህራ የነገረችው ነገር ሁሉ፣ ሲሰማው ያልሰማው፣ አሁን አንድ በአንድ ጆሮው ውስጥ ገባ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አሳዪኝ» አላት።

«ተወኝ።»

«ሳህሊ፣ አሳዪኝ።»

ተነስታ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታው ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች፤ ከዚያ ዞረች። ግራ ጡቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ከሱ የቁርጥራጭ ከረጢት የተወሰደ ነጭ ፖፕሊን ነበር፤ እጀታ ሲያሳጥር፣ ኪስ ሲቀይር የተረፈው። ጥግ ጥጉን በመርፌ ዘምዝማዋለች። የላይኛውን ስትፈታ የታችኛው ተጣብቆ ነበር። እንዳሻው ጨርቅ ሲቀዳደድ እንጂ ሰው ሲቀዳደድ አይቶ አያውቅም። ዓይኑን ሳይነቅል ለማየት ታገለ፤ እንዳይነቅል የፈለገው እያየችው ስለነበር ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እብጠት ሆኖ የቆየ ነገር ነው። ከፋሲካ በፊት ፈነዳ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀሚሷን መልሳ ለበሰች። ስትናገር ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«እናቴን ታስታውሳታለህ? በዚህችው ነው የሞተችው፤ እኛው ቤት። ሐኪም ቤት ሄዳም ነበር፤ ቆርጠው ላኳት፤ አልቀረላትም። የጎረቤቱ ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚገባው። እሷ ታያቸው ነበር። አንተም ውጪ ነበር የምትቀመጠው። ‹ክፍሉ አየር የለውም› ትል ነበር። አልፈረድኩብህም፣ እንዳሻው። ግን አይቻለሁ።»

እውነት ነበር። አማቱ በዚሁ ክፍል ውስጥ ሆና ስታቃስት እሱ ግቢው ውስጥ፣ ዛሬ በተቀመጠበት ቦታ፣ ሱሪ ሲዘመዝም ነበር።

«ደግሞም አንተ አፍንጫህን ታውቀዋለህ» አለች። «ሰውን በሸሚዙ የምትለይ ሰው ነህ። እኔን እንዴት ትለየኛለህ ብዬ ፈራሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ አንዷ ሕፃን ላቅፋት ስል ‹ቲቸር ትሸቻለሽ› አለችኝ። ማግሥቱን ነው ዙህራ ጋ የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን አላቅፍም። ይሄ ሽቶ እኔንም ራሴን ያመኛል፤ አልወደውም። ግን ሰው ሲሸተው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። ‹ሳህሊቱ አበደች፣ በዚህ ዕድሜዋ ልታጌጥ አማራት› ይበሉ። ያ ይሻለኛል።»

«እኔም እንደሱ አሰብኩ» አለ እንዳሻው።

«አውቃለሁ። እንድታስብ ተውኩህ። ኤደን ትምህርቷን እስክትጨርስ ብዬ ነበር።»

ውጪ አንድ ሰው የአጥሩን በር አንኳኳ፤ ሁለቱም አልተነሱም፤ ሰውየው ተመለሰ። እንዳሻው ውሃ አሞቀ። ጨው ጨመረበት፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የተጣበቀውን ጨርቅ ቀስ እያለ አራሰው። ሳህሊቱ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አንዴ ትንፋሹን ሊይዝ ሲል ራሱን ያዘ፤ በአፍንጫው ተነፈሰ። እንዲሰማት ጭምር በአፍንጫው ተነፈሰ።

ሰኞ የከተማው ሆስፒታል ሄዱ። ያያት ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲያናግራት ዓይኗን እያየ ነው። ጨርቁን ሲፈታም ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ እንዳሻውን ወደ ኮሪደሩ አወጣው።

«አዳማ እልካታለሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሊያሳልፏት ይችላሉ።»

«ትድናለች?»

ሐኪሙ ወረቀቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቆይቷል፣ ጋሼ። ብብቷም ውስጥ ገብቷል። ምርመራው ሳይታይ ብዙ መናገር አልችልም። ግን ሕመሟን ማስታገስ ይቻላል። ሽታውንም የሚቀንስ መድኃኒት አለ፤ ቁስሉ ላይ የሚደረግ። ዛሬ እጀምርላታለሁ፤ ጥቂት ቀን ግን ይፈልጋል።»

ሐኪሙ ተመልሶ ይህንኑ ለሷ ሲነግራት፣ ስለ ዕጢው ሲነገራት ያላለቀሰችው ሳህሊቱ፣ ሽታው እንደሚቀንስ ስትሰማ አለቀሰች። «እንዲህ ያለ መድኃኒት ነበረ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችው። እናቷን እያሰበች እንደሆነ እንዳሻው አወቀ።

የጉዞው ቀን ሲቃረብ ሳህሊቱ እምቢ አለች። ልብሷ በሻንጣ ተከቷል፤ ኤደን ከድሬዳዋ አዳማ መጥታ ልትጠብቃቸው ተስማምተዋል፤ ሳህሊቱ ግን አልጋው ላይ ተቀምጣ እጇን አጣምራለች።

«ሚኒባስ ውስጥ አልገባም» አለች። «መድኃኒቱ ገና አልያዘልኝም። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ተቀምጦ? ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ አለ። አልችልም፣ እንዳሻው። ደፋኸው እኮ።»

እንዳሻው ጫማውን አጥልቆ ወደ ገበያ ወረደ። በበረንዳው ሲያልፍ አብዱናስር ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «ምነው ጠፋህ? ሰው ሱሪውን እየጠየቀ ነው። ደህና ናችሁ?» አለው።

«ሳህሊቱ አሟታል» አለ እንዳሻው። «አዳማ ልወስዳት ነው።»

አብዱናስር መኪናውን አቆመ። በዓይኑ ያለፈው ነገር ምን እንደነበር እንዳሻው ገባው፤ ያ ቀልዱ ነበር።

«አላህ ያሽራት» አለ አብዱናስር በመጨረሻ። «ሱሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ። እሱን አታስብ።»

ዙህራ ሲገባ አይታው ከወንበሯ ተነሳች። እንዳሻው ብልቃጦቹን እያየ ቆመ። የሎሚ አበባዋ ሽቶ መደርደሪያው ላይ ነበረች፤ አቧራ ይዟታል። ዙህራ ዓይኑን ተከትላ ልታወርዳት እጇን ዘረጋች።

«እሷን ልስጥህ? ድሮ የምትወዳት ይቺን ነበር።»

«አይ» አለ። «ያንን ዑድ ነው የፈለግኩት። ከባዱን።»

ዙህራ አየችው። ከዚያ ቀዳችለት፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና በወረቀት ጠቀለለችለት። ሲወጣ፣ «በላት፣ ዙህራ ዱዓ ታደርግልሻለች በላት» አለችው።

ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሷ ስትሞላ ሳህሊቱን መስኮቱ ጋ አስቀመጣት፤ እሱ ከጎኗ ሆኖ ከሰው ጋረዳት። ከጭሮ እስኪወጡ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ማንም ምንም አላለም። ቁልቁለቱን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ አየሩ መሞቅ ጀመረ፤ ሚኤሶን ሲያልፉ ሹራብ የለበሱት ሁሉ አወለቁ። አሰቦት ላይ ሳህሊቱ ወደ ተራራው አይታ አማተበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ምን እንዳለች አልሰማም።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ግራርና አሸዋ፣ አልፎ አልፎ የግመል መንጋ። የሚኒባሷ ጣሪያ እንደ ምጣድ ጋለ። ዑዱ ከሳህሊቱ ነጠላ ውስጥ ተነስቶ ወንበር ለወንበር መሄድ ጀመረ። ከሱ ሥር ሌላው ሽታ እንዳለ እንዳሻው ያውቃል፤ ሌላ ሰው ገና አላወቀም። ከፊታቸው የተቀመጠች ወፈር ያለች ነጋዴ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አንዴ ዞር ብላ አየች። ቦርደዴ ሊደርሱ ሲሉ አላስቻላትም።

«ኧረ ማን ነው ይሄን ሽቶ የተቀባው?» አለች። «ራሴን ሊፈልጠው ነው።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ሳቀ። «በዚህ ሙቀት እንደዚህ የተቀባ ሰው መቼም የሚደብቀው ነገር አለው» አለ።

ሰዎች ፈገግ አሉ። ይህ እንዳሻው በረንዳው ላይ ሲናገረው የኖረ ዓይነት ነገር ነበር፤ በሱ ድምፅ የተነገረ እስኪመስለው ድረስ። የነጋዴዋ ዓይን ከአንዷ ሴት ተሳፋሪ ወደ ሌላዋ እየዘለለ መጥቶ ሳህሊቱ ላይ አረፈ። ሳህሊቱ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች። ክንዷ ጎኗ ላይ ሲጠብቅ፣ ትንፋሿ ሲቆም በትከሻው ተሰማው። ጥቂት ብትቆይ «አውርዱኝ» ልትል እንደሆነ አወቀ፤ በዚያ በረሃ መሀል፣ እሾህና አቧራ ላይ፣ ልትወርድ።

«እኔ ነኝ» አለ እንዳሻው።

ነጋዴዋ ወደሱ ዞረች።

«እኔ ነኝ የተቀባሁት» አለ፤ ኋላ ያሉትም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አበዛሁት መሰለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሴትየዋ ሽበቱን አየች፤ በራሱ እጅ የተጣፈውን የኮቱን ክርን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን አጣማ ወደ ፊቷ ዞረች። ከኋላ የሚንሾካሾክ ነበር፤ የሳቀም ነበር። እንዳሻው ምን እያሉት እንደሆነ ሳይሰማ ያውቀዋል። ክንዱን በሳህሊቱ ፊት አሳልፎ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየው።

«አባት፣ ሌላ ጊዜ ቀነስ ያድርጉት» አለ።

«እሺ» አለ እንዳሻው።